ባልና ሚስት ለጀልባ

መጋቢት 9

ነፋስ ከምሥራቅ፣ ልል። ሸራውን አውጥቼ አናፈስኩ፣ አጥፌ መለስኩ። የቀኝ ጫማዬ ውሃ ያስገባል። ልጄ ደወለች። በልተሃል? በልቻለሁ። ሌላ የለም።

መጋቢት 11

ተሰበረች።

መሪውን ወደ ግራ ገፋሁት። ቀጭ አለ፣ ከዚያ እጄ ላይ ቀለለኝ። ዞሬ ሳይ መሪው እንደ ተገነጠለ በር በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። አርባ ዓመት በሸራ የገባሁበትን ወደብ ዛሬ በመቅዘፊያ እየተንፈራገጥኩ ገባሁት። ዓሣ አጥማጆቹ ቆመው አዩኝ። አንዱ "አባባ፣ ሞተር ይግዙ እንጂ!" አለ። አባትህ ይግዛ።

የተሰበረችው ሚስቲቱ ናት። የስሙን ነገር እዚህ ላስቀምጠው፣ ከእኔ በኋላ የሚያውቀው የለም። መሪው ከጀልባዋ ጀርባ የሚሰቀልበት ማጠፊያ ሁለት ብረት ነው። መሪው ላይ ያለው ዘንግ ባል፣ ጀልባዋ ላይ የተመታችው ቀለበት ሚስት። ባል ሚስት ውስጥ ይገባል፣ አብረው ይዞራሉ። ይህን ስም ያወጣነው እኛ ነን። የተማርንበት መጽሐፍ ሽፋን አልነበረውም፣ ቋንቋውንም አናውቀው፤ ሥዕል እያየን ነው ጀልባ የሠራነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ስም ሰጠነው። ሸራውን ከታች ወጥሮ የሚይዘው አግዳሚ እንጨት "አማት" ነው። ነፋስ ሲዞር ሳታስበው መጥታ አናትህን ስለምትል።

እኛ ስል... እኔና በያጁ። የሟች ባለቤቴ ወንድም። ስለሱ አልጽፍም።

መጋቢት 13

ኮፍያው ወረቀት ለጠፈ። (የወደቡ ተቆጣጣሪ ነው። ያለ ኮፍያ ያየው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።) እስከ ሚያዝያ 30 በራሱ ኃይል ውሃው ላይ እስካለው ቀይ ምልክት ደርሶ ያልተመለሰ ጀልባ በክሬን ተነሥቶ ይፈርሳል ይላል።

"ለደህንነት ነው አባባ።"

"ለማን ደህንነት?"

"ለሁሉም።"

"ለሁሉም ማለት ለማንም ነው።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እነዚህን ሳንቃዎች አንድ በአንድ በእጄ ነው የላግኳቸው። ይህ ሰው በእጁ የሠራው ነገር ቢኖር ማኅተም መምታት ነው።

ሦስት የብረታ ብረት ሱቅ ዞርኩ። ሦስቱም የበር ማጠፊያ አወጡልኝ። የበር! ሦስተኛው ደግሞ "ምን ልዩነት አለው፣ ሁለቱም ይዞራሉ" አለኝ። ምላስም ይዞራል።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። "ኢንተርኔት ላይ የሌለ ነገር የለም አባዬ" አለች። አሮጌ ስልኳን ትታልኝ ሄደች።

መጋቢት 15

"ባልና ሚስት ለጀልባ" ብዬ ጻፍኩ።

የመጣልኝ... ወንድና ሴት መርከብ ላይ ተቃቅፈው ፀሐይ ስትጠልቅ ያያሉ። የጫጉላ ጉዞ ለጥንዶች! ሰረዝኩ። "የተሰበረች ሚስት" ብዬ ጻፍኩ። የትዳር ምክር አገልግሎት መጣ። ሐዘንዎ ይገባናል ይላል። ምኑ ነው የገባችሁ? "ሚስት ብቻ፣ ያለ ባል" ብዬ ስጽፍማ የመጣውን እዚህ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት።

መጋቢት 17

ልጄ መጣች። ስልኩን አንሥታ አየችው። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እንደ ሐኪም።

"አባዬ... ልታገባ ነው እንዴ?"

"ማንን ነው የማገባው?!"

"አይ፣ ብታገባም እኮ... እማዬ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ አልቃወምም።"

በሰባ አራት ዓመቴ ልጄ ፈቀደችልኝ! የተሰበረችውን ብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አየች፣ ገባት፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ የጀልባ መለዋወጫ የሚሸጥበትን ገጽ አወጣችልኝ። ዓለሙ "የመሪ ማጠፊያ፣ ወንዴና ሴቴ" ነው የሚለው አለች። ዓለሙ ተሳስቷል። ወንዴና ሴቴ ለቡሎንም ይባላል።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። "አጎቴ እኮ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው ያለው። በአንድ ቀን ይሠራልሃል።"

"አጎትሽ የለም።"

"አባዬ..."

"የለም አልኩ።"

አልጽፍም ብዬ ነበር። ልጻፈው። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በዚያ ጠዋት ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ የሚባለውን ብሎኛል። ወደ ጀልባዋ ሄድኩ፣ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። በያጁ ከጀልባዋ ጀርባ መዶሻ ይዞ ቀና አለና "ሚስትህ አልቃለች፤ ሌላ እናስገባ" አለኝ። ስለ ገዛ እህቱ! "ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም" አልኩት። አፉን ከፈተ፣ አላስጨረስኩትም። ቀብር ላይ ማዶ ቆመ። ሰው ላከብኝ፣ የላካቸውን መለስኳቸው። ስለ ብረቱ ነው አሉኝ። ብረቷ ምንም አልነበረባትም! በዚህ ዓይኔ አይቻታለሁ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት አገለገለችኝ። የቀለደው በእህቱ ነው፤ በዚያ ቀን።

አንዴ የተናገርኩትን አላጥፍም።

መጋቢት 18

አዘዝኩ። በአምስት ቀን ይደርሳል ይላል።

መጋቢት 27

በዘጠኝ ቀኑ ደረሰ። ካርቶኑ ጫማ ያስገባል። ወረቀት፣ ወረቀት፣ ፕላስቲክ... ከሥሩ ሁለት ዘንግ። ሁለት ባል! እኔ ያለኝ ባል ነው፣ የላኩልኝም ባል ነው። ሦስት ወንድ አንድ ቤት ውስጥ ሚስት የላቸውም።

ጻፍኩላቸው። ስልኩ ራሱ ይተረጉማል ብላኛለች ልጄ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ውድ ደንበኛችን፣ ስለጻፍሽልን እናመሰግናለን። ችግርሽን ተረድተናል።"

ሽ! ጽፈሽልን፣ ተረድተሽ፣ ታግሰሽ... "ወንድ ነኝ፣ አዛውንት ነኝ፣ አንቱ በሉኝ" ብዬ ጻፍኩ። "አይዞሽ" አለኝ።

ሚያዝያ 4

ከሌላ ሱቅ ያዘዝኩት መጣ። ይኸኛው ሚስት ነው፣ እንደ መስተዋት ያበራል። ባልን ላስገባው ብል አይገባም። በካሊፐር ለካሁ። ቀዳዳዋ አሥር ሚሊ፣ ዘንጉ አሥራ ሁለት። የጻፍኩላቸው አሥራ ሁለት! ወረቀቱ ላይም አሥራ ሁለት ነው ያሉት!

የወደቡ ጠባቂ አየና "ዘንጉን በሞረድ ያሳንሱት፣ አባባ" አለኝ። አርባ ዓመት ያልታጠፈ ዘንግ ለዚህች ጌጣጌጥ ይመንምን? አላሳንሰውም።

ኮፍያው አለፈ። "ሃያ ስድስት ቀን" አለኝ። መቁጠር መቻሉን አላውቅም ነበር።

ሚያዝያ 7

ልጄ ሌላ ሰው አገኘችልኝ። ሱቅ አይደለም፣ ከፈረሱ ጀልባዎች የተፈታ ዕቃ የሚሸጥ ሽማግሌ ነው። ፎቶው ላይ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። እንደ እኔ። ሰላምታ የለ፣ አይዞሽ የለ፦ "የተሰበረውን በአራቱም ጎን አንሥተሽ ላኪ። ዝገቱን ሳትጠርጊ።"

አንቺ የሚለኝ ስልኩ ነው፣ እሱ አይደለም። አነሣሁ። ላኩ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

መልስ መጣ። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

"ይህ ከፋብሪካ የወጣ አይደለም። በእጅ የተሠራ ነው፣ ጥሩ እጅ። ስለዚህ እኔ ዘንድ የለም፣ ማንም ዘንድ አታገኚውም። ሌላም ነገር ልንገርሽ። ስብራቱ ሁሉ አዲስ አይደለም። ግማሹ ጠቁሯል፣ ያ የቆየ ስንጥቅ ነው። የአሮጌው ስንጥቅ ጫፍ ላይ በምስማር የተመታች ነጥብ አለች። አንድ ሰው ስንጥቁ ማደግ አለማደጉን ሊያይ ምልክት አድርጎባታል፣ ከብዙ ዓመት በፊት። ያን ሰው ፈልጊው። ብረት ያውቃል።"

ፈልጊው ይላል። አልተናደድኩም። ለመናደድ ጊዜ አልነበረኝም።

ብረቷን ወደ መስኮት ወሰድኩ። መነጽሬን አወረድኩ። አጉሊ መነጽርም ጨመርኩ። ከሥር በኩል፣ ከጀልባዋ ጋር በምትያያዝበት ጎን... ጥቁር ስንጥቅ። ጫፉ ላይ ነጥብ። ከነጥቡ ወዲያ ያለው ስብራት ገና ነጭ ነው።

አይቻታለሁ ያልኩት በየት በኩል ነው? ከላይ። ቆሜ። እሱ ከሥር ነበር። መዶሻ ይዞ።

ሚያዝያ 9

አልወጣሁም።

ሚያዝያ 11

ሌላ በያጅ አለ፣ ከገበያው ጀርባ። ሄድኩ። "ባልና ሚስት፣ ሚስቲቱ አልቃ..." ብዬ ጀመርኩ። ልጁ "የትዳር ጉዳይ ከሆነ እኔ ገና ላጤ ነኝ" አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ብረቴን ይዤ ወጣሁ።

ይህን ቋንቋ በዓለም ላይ የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አንዱን አላውቅህም ብሎታል።

ሚያዝያ 12

ሄድኩ።

በሩ ክፍት ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ይበይዳል። ቆምኩ። እሳቱ እስኪጠፋ ቆምኩ። ጭምብሉን ገለጠ። ፀጉሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። መቼ?

"ማን ሞተ?" አለኝ።

"ማንም።"

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። አራት ዓረፍተ ነገር፣ መንገድ ላይ ሁለቴ ደግሜዋለሁ። ጠፋኝ። ብረቷን መስፉ ላይ አስቀመጥኩና "ሚስቴ አልቃለች" አልኩት።

አነሣት። ገለበጣት። አውራ ጣቱን ነጥቧ ላይ አሳረፈ፤ ሳይፈልግ ነው ያገኛት።

"ስንጥቁ አልፏታል" አለ። "ነግሬህ ነበር።"

"ነግረኸኝ ነበር።"

"ስለ ብረቱ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ረቡዕ።"

"ረቡዕ!" መዶሻውን አስቀመጠ። "ሰባት ዓመት ቆይተህ... ረቡዕ!" ጮኸብኝ። ጎረቤቱ አናጢ ብቅ ብሎ አይቶ ተመለሰ። ይጩህ። ደግሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔም እኮ ያን ቀን ከእሷ ዘንድ ነበር የመጣሁት። ምን ላውራህ? ስለ እሷ ማውራት አቃተኝ። ስለ ብረት አወራሁህ።"

"አላስጨረስኩህም" አልኩት። ይህን ያህል ነው ከአፌ የወጣው። ይቅርታ ማለት እንደዚህ ከሆነ ብያለሁ።

ብረቷን ሞርሳ ላይ አሰራት። "ባልየውን አምጣው። ያለ እሱ ልኳን አላገኝም።"

"እሱ ደህና ነው።"

"ዝጓል" አለ እኔን እያየ። "ቆሞ አየዋለሁ እኮ።"

ሚያዝያ 19

ሠራት። ቀዳዳዋ አሥራ ሁለት ሚሊ ከትንሽ። የእሱ "ትንሽ" በካሊፐር አይለካም። እኔ የቡሎኑ ቀዳዳ ጠቧል አልኩ፣ እሱ ዓይንህ ነው የጠበበው አለ። ተጨቃጨቅን። ጠቦ ነበር። አሰፋው፣ እያጉረመረመ።

ትርፎቹን ሁለት ባሎች ሰጠሁት። ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው። "ላጤዎች" አላቸው።

ሚያዝያ 30

ኮፍያው ሰዓቱን ይዞ ቆመ። "ሁለት ሰው ነው የምትሄዱት?" አለ። በያጁ "አዎ፣ አንደኛው ለመጨቃጨቅ ነው" አለው።

ወጣን። ቀዩን ምልክት ዞርን። ልንመለስ ስንል ነፋሱ ዞረ። "አማት!" ብዬ ጮኽኩ፣ አልሰማም። መጥታ አናቱን አለችው፣ ኳ!

"እናትህ ናት" አልኩት።

አናቱን ይዞ ተቀመጠ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀ መስሎኝ ነበር... መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር። እኔ ወደ መሪው ዞርኩ። መሪ የያዘ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚያየው። ሚስቲቱ ቀጭ አላለችም።

ኮፍያው ፈረመ።

ነፋስ ከምሥራቅ፣ ልል። የቀኝ ጫማዬ አሁንም ውሃ ያስገባል። ስልኩ ዛሬም የጫጉላ ጉዞ አሳየኝ፣ ደደብ። ልጄ ደወለች።

በልተሃል?

በልተናል፣ አልኳት።