ቀዩን ፖርት ነካሁት

ውድ ወንድሜ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። "በሰው ፊት አዋረድሽኝ፤ ይሁን፣ ይቅር ብዬሻለሁ። አሁን ሱቁን ዝጊና ነይ፣ እኔ ጋ ሥራ አለ" ብለሃል። ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፣ ስልኩን ተቀብላ ራሷ ደግማ አየችውና "ይቅርታ ጠይቀሽው ነበር እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ አልጠየቅኩትም።" "እና ምኑን ነው ይቅር ያለሽ?" ብላ ቻርጀር ሊገዛ ወደቆመው ደንበኛ ዞረች።

እኔም እሱኑ ልጠይቅህ ነው የምጽፈው። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ሰው አታስጨርስም፤ ገና አፌን ስከፍት "ገባኝ፣ ገባኝ" ትላለህ። ወረቀት ላይ ግን እስክጨርስ ትጠብቀኛለህ፣ ምን ታመጣለህ! ይቅርታ አልጠይቅም። መጨረሻው ላይ ይመጣ ይሆናል ብለህ እንዳትደክም ከወዲሁ ነግሬሃለሁ።

የሆነውን ታውቀዋለህ፤ ግን የምታውቀው በአንተ በኩል ያለውን ነው። ሱቃችን ኔትወርኩን የሚጠግንለት ክሊኒክ አሮጌ ራውተሩ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለበት። አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ካርድ ክፍሉ ሠራ፣ መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ራጅ ክፍሉ ምስል መላክ ሲጀምር ኔትወርኩ ይንፏቀቅ ጀመር። ሐኪሞቹ አንድ የደረት ምስል እስኪከፈትላቸው በሽተኛውን አስቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። አንዷ ነርስ "ይሄን ከምጠብቅ በሽተኛውን ራሱን ተሸክሜ ብወስድላቸው ይሻለኛል" አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ራውተሩን ከፍቼ ሳይ የግጭት ቆጣሪው እንደ ታክሲ ሂሳብ እየሮጠ ነው። ግጭቱም ዘግይቶ የሚመጣው ዓይነት ነው፤ ራውተሩ መልእክቱን አጋምሶ እየላከ ሳለ ከወዲያኛው ጫፍ ሌላ ይመጣበታል፣ ጥሎት እንደገና ይጀምራል። ደወልኩልህ። ሱቁን ትተህ ወደ ትልቁ ድርጅት ከሄድክም በኋላ ሲቸግረኝ የምደውለው ለአንተ ነበር።

"ዘግይቶ ከመጣ የኬብል ርዝመት ነው" አልከኝ። "ከልክ በላይ ጎትተሽዋል።"

"ለክቼዋለሁ፣ ከልኩ በታች ነው።"

"እንግዲያው የገዛሽው ራውተር ቆሻሻ ነው። ዋጋ አይተሽ ነው የገዛሽው አይደል?"

"ራውተሩ የሚሰካበትን ስዊችስ ልየው?"

"ስዊቹን እንዳትነኪ! እዚያ ቤት በወጉ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። ቀይ አለበት፣ አይታይሽም?"

ቀዩ ለአንተ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለእኔ ምን እንደነበረ ግን ነግሬህ አላውቅም። ሥራ ስጀምር ከኋላህ የመሣሪያ ሳጥን ይዤ ስከተል፣ አንድን ፖርት፣ ያን የኬብል መሰኪያ ቀዳዳ፣ ፍጥነቱንና አነጋገሩን በእጅህ ካስተካከልክ በኋላ የእማዬን የጥፍር ቀለም ከኪስህ አውጥተህ ጎኑ ላይ ጠብ ታደርግ ነበር። "ምን አደረግከው?" ስልህ "ሲገባሽ ትደርሽበታለሽ፤ ብቻ ቀዩን አትንኪ" ትለኛለህ። የሁሉንም ፍጥነት መቶ ላይ ስለምትቆልፍ ሠራተኞቹ ጋሽ መቶ ያሉህ ጊዜ ኮራሁብህ። አንድ ኤሌክትሪሺያን ቀይ ያለበትን ኬብል ቢነቅል ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ጮኼበታለሁ። ምን እንደምጠብቅ ሳላውቅ ነበር የምጠብቅልህ።

ስለዚህ ቀዩን ትቼ ሌላውን ሁሉ ነካካሁ። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ጫፎቹን እንደ አዲስ ሠራሁ፣ ከሱቅ መጠባበቂያ ራውተር አምጥቼ ሞከርኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉሃል ይሄ ነው። የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ቢሮው አስጠራኝና ወንበር ሳይሰጠኝ "እህቴ፣ ሥራሽን እወደዋለሁ፤ በሽተኛ ግን አይጠብቅልኝም። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሌላ ድርጅት ይረከበዋል" አለኝ። የትኛው እንደሆነ ስጠይቀው የእናንተን ነገረኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ "ወንድምሽ እዚያ አይደል? ባዳ አልጠራሁም እኮ" ብሎ ፈገግ አለ።

ክሊኒኩ ከሄደ ሱቁ እንደማይቆም እሱ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ። የምንኖረው ከእሱ በምናገኘው እንደሆነ፣ የቀረው ሥራ የእማዬን መድኃኒት እንኳ እንደማይችል ታውቃለህ። ትደውላለህ ብዬ ጠበቅኩህ። "ጠርተውናል፣ ምን ላድርግ?" ብትለኝ ይበቃኝ ነበር። አልደወልክም። ተናደድኩብህ ወንድሜ፤ እንዲህ ተናድጄብህ አላውቅም።

እማዬ ፊቴን አይታ ገባት። "ያላየሽው ምን ቀረ?"

"ቀዩ።"

"ለምን አታይውም?"

"አትንኪ ብሏላ።"

"የጥፍር ቀለሙ የማን ነው?"

"ያንቺ።"

"እንግዲያው እኔ ፈቅጃለሁ። ሂጂ፣ ንኪው።"

ዓርብ ጠዋት ክሊኒኩ ሳይሞላ ገባሁና ስዊቹን ከፈትኩ። ፓስወርዱን እንኳ አልቀየርከውም። ያ ፖርት መቶ ላይ፣ ፉል ላይ፣ በእጅ ተቆልፎ ተቀምጧል። ወደ ራውተሩ ዞርኩ፤ መቶ ይላል፣ ግን ሃፍ። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ሳልፍ ኖሬ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። ፉል ላይ ያለ እንደ ስልክ ነው፣ ሁለቱም እኩል ያወራል። ሃፍ ላይ ያለ እንደ ዘበኞች ሬዲዮ ነው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። አዲሱ ራውተር አውቶ ነውና "እንዴት እንነጋገር?" ብሎ ይጠይቃል። የቆለፍከው ስዊች ደግሞ ጥያቄ አይመልስም። ራውተሩ መልስ ሲያጣ በጨዋ ደንብ ሃፍ ይሆናል፤ ስዊቹ መሐል ላይ እየገባ ሲያወራበት ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። አሮጌውን ራውተርም አንተው ቆልፈኸው ስለነበር እስኪቃጠል ድረስ ሁለቱ ተስማምተው ኖሩ።

ያስገረመኝ ሌላ ነው። ስዊቹ ላይ የግጭት ቆጣሪው ዜሮ ነበር። ንጹሕ! ግጭት የሚቆጥረው የሚያዳምጠው ብቻ ነው፤ የማያዳምጠው ምንም አልሰማም። ስለዚህ ሁላችንም ጥፋቱን በሚያዳምጠው ላይ ለጠፍን፣ እኔም ጭምር። ስዊቹ ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የማራገቢያውን ድምፅ እየሰማሁ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ አለቀስኩ።

ቁልፉን አነሳሁት፤ ሁለቱም አውቶ ሆኑ፣ ሁለቱም ፉል ላይ ተስማሙ። ራጅ ክፍሉ ምስል እንዲልክ አደረግኩ፣ በቅጽበት ደረሰ። ቆጣሪው ቆመ። አንተና የሥራ ጓደኞችህ የድርጅቱን ጃኬት ለብሳችሁ ከአስተዳዳሪው ጋር የገባችሁት እኔ መሣሪያዬን ስሰበስብ ነው። ነርሷ ገና አፍ ሳትከፍቱ "ተሠርቷል፣ ከመጣችሁ አይቀር ሻይ ጠጥታችሁ ሂዱ" አለቻችሁ።

"ምን አድርገሽ ነው?" አልከኝ።

"ቀዩን ነካሁት።"

ወደ ስዊቹ ሄድክ፣ አየህ፣ ጆሮህ ቀላ። ያን ጊዜ ዝም ብትል እኔም ዝም እልልህ ነበር፤ ወንድሜ ነህ፣ ገመናህ ገመናዬ ነው። አንተ ግን ወደ አስተዳዳሪው ዞረህ "አዩ፣ እኔ በስልክ እየመራኋት ነው የጨረሰችው። ብቻዋን ይከብዳታል፤ ሥራውን እኛ ብንይዝልዎ ነው የሚሻለው" አልክ። እኔ ፊት። ለእኔ አስበህ እንደተናገርክ ነው የምታምነው፣ እሱም ነው የሚያቃጥለኝ።

"በስልክ ያልከኝ አትንኪ ነው" አልኩ። "የነካሁት እኔ ነኝ። የቆለፍከው አንተ ነህ።"

ውርደት ያልከው ይቺን ነው። ልውሰዳት? አልወስዳትም። ደግሜ ብቆም ደግሜ እላታለሁ፣ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ። አስተዳዳሪው ያን ዕለት ወንበር ሰጠኝ፣ ክሊኒኩም ከእኛው ጋር ቀረ። ጓደኞችህ ሲወጡ አንተም ጃኬትህን ቆልፈህ ሄድክ።

በከንቱ ልወቅስህ አልፈልግም። ያኔ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ አይግባቡም ነበር፣ በእጅ መቆለፉም ደግ ሥራ ነበር። ጥፋቱ መቆለፍህ አይደለም። አንዱን ጫፍ የቆለፈ ሰው ሌላኛው ጫፍ ላይ ላለው መንገር ነበረበት። እኔ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነበርኩ ወንድሜ፣ ሳጥንህን ተሸክሜ አጠገብህ ቆሜ። ሲገባሽ ትደርሽበታለሽ አልከኝ። ይኸው ደረስኩበት፤ ግን ሱቁን ሊያሳጣን ጥቂት ሲቀረው።

አሁን ሱቁ እንዲህ ነው የሚሠራው። የቆለፍካቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እየዞርኩ ነው። የሚፈታውን እፈታለሁ፤ መቆለፍ ያለበት ካለ ሁለቱንም ጫፍ እቆልፋለሁ፣ ምን እንዳደረግኩም እዚያው እለጥፋለሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይማስን። አዲስ ሠራተኛም ይዣለሁ። "ለምን?" ስትለኝ መልስ እሰጣታለሁ፤ የማላውቀው ከሆነ አላውቀውም እላታለሁ። አልዘጋም። እማዬም አትዘጋም፤ ደንበኛ ሲመጣ "አለቃውን ጥሪልኝ" የሚል ካለ ወደ እኔ ነው የምትጠቁመው።

አንተ ግን ና። አልተጣላሁህም፣ ወይም ተጣልቼህም ቢሆን ትናፍቀኛለህ። ቅዳሜ አንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ኬብል እንጎትታለን፣ መሰላል የሚይዝልኝ ጠንካራ ሰው አላገኘሁም። ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። ጃኬቱን ቤትህ ትተኸው ና።

ታናሽ እህትህ፣
የሱቁ አለቃ