ስሙ ያልታወቀ ተማሪ

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ሎረል የምትኖረው ጓደኛዬ ልዕልት ናት። ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች። በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰለህ፤ "ደህና ነኝ ልጄ፣ ዮዲን ሳሚልኝ" ትልና ስልኩን ለአክስቴ ታቀብላታለህ። ልወቅስህ አይደለም። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ስለዚያ እሑድ ሁለታችንም አንሥተን አናውቅም። እንደነበረ ልጻፈው፤ አሳምሬ ከጻፍኩት ይቅርታ መጠየቄ አይሆንም።

የልጄ የዮዲ አሥራ ሁለተኛ ልደት ነበር። ልዕልትና ባሏ ንጉሡ መጥተው፣ ምሳ ተበልቶ፣ አንተ ሶፋው ጥግ ላይ ተመቻችተህ ስለ ድሩማሂ ጀመርክ። ግብርና ሚኒስቴር ስለ ወተት ሥራ ተማር ብሎ ስለላከህ የአየርላንድ መንደር። ባለ ሦስት ዓይኑን ድልድይ ተረክክ። ዓይን ያድናል የሚባለውን የጻድቁን ምንጭ፣ የሰዉን ደብዳቤ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እየከፈተች ታነብ የነበረችውን የፖስታ ቤት ሴትዮ ተረክክ። የፈረስ ጫማ ብረት የሚሠራውና ጥርስ የሚነቅለው አንጥረኛ ጋ ስትደርስ ንጉሡ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"ጋሽ በፈቃዱ፣ በፈረስ ጫማ ጉጠት ነው የሚነቅለው እያሉኝ ነው?" አለህ።

"ታዲያ በምን ሊነቅል ኖሯል? በዚያው ጉጠት ነው! አንድ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ንጉሡ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ ግን አፈርኩ። የሚስቅብህ መሰለኝ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አባትሽ ከአሰላ አልፎ አያውቅም" ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እዚህ በኖርክባቸው ሦስት ዓመታት ደግሞ ታሪኮቹን በሰማኋቸው ቁጥር አንድ ነገር ይለወጣል፤ ድልድዩ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። ስልኬን አንሥቼ የመንደሩን ስም አንተ እንደምትጠራው ጻፍኩ። ምንም አልመጣም።

"አባዬ፣ በናትህ በቃህ። ይኸው ሰርች አደረግኩት። ድሩማሂ የሚባል አገር የለም" አልኩህና ስልኩን ፊትህ ላይ ዘረጋሁት።

መነጽርህን ፈልገህ አጠለቅክ። ባዶውን ገጽ ብዙ ጊዜ አየኸው። "አጻጻፉ ጠፍቶኛል" አልክ ቀስ ብለህ። "ፎቶ ነበረኝ። በደርጉ የቤት ለቤት አሰሳ ጊዜ ከወረቀቶቼ ጋር አቃጠልኩት።"

"አንተ መቼም ምክንያት አታጣም።"

አባዬ፣ ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት፣ በገዛ ልጄ ፊት። ንጉሡ ሳቁን አቆመ። አንተ ተነሥተህ እጅህን ታጥበህ ክፍልህ ገባህ። ዮዲ በእንግሊዝኛ "አስከፋሽው እኮ" ስትለኝ "ዝም በይ" ብዬ ሣህን ማንሣት ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲያ ድሩማሂ ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም። በሦስተኛው ሳምንት "የቤቱን ካርታ ጉዳይ ልጨርስ" ብለህ አዲስ አበባ ሄድክ። ካርታው ሰበብ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ይኸው ዓመት ሊሞላህ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

እዚሁ አቅራቢያችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ በምሠራበት የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ሚስስ ማኬና የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት አይሪሽ ታካሚ አሉኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ማሽኑ ላይ ይቀመጣሉ። መርፌ ማየት ስለማይወዱ እኔ ስሰካ እሳቸው ወሬ ያወራሉ። በየካቲት አንድ ሐሙስ ስለ ልጅነታቸው እያወሩኝ "የኛ ፖስታ ቤት ሴትዮ ማን ከማን እንደተጣላ ከባለቤቶቹ ቀድማ ታውቅ ነበር" አሉ። መርፌውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"ድሩማሂ የሚባል ቦታ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"እንዴት ብለሽ ነው የምትጽፊው?"

ነገርኳቸው። ማሽኑ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "በጆሮሽ እንደሰማሽው ጽፈሽማ የኛን አገር መንደር አታገኚም። ግማሹ ፊደል እኮ አይነበብም።"

በነፃው እጃቸው የቀጠሮ ካርዳቸው ጀርባ ላይ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞከሩልኝ። ብሬክ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። የመጀመሪያው የለም። ሁለተኛው የለም። ሦስተኛው፣ አሥራ ሁለት ፊደል የፈጀው፣ መጣ።

መንደሩ የራሱ የታሪክ ገጽ አለው አባዬ። የድልድዩ ፎቶ አለ፤ ሦስት ዓይን፣ ልክ እንዳልከው። የጻድቁ ምንጭ ዛሬም በግንብ ታጥሮ አለ፣ አጠገቡ ባለው ቁጥቋጦ ላይ ሰዎች ጨርቅ ያስሩበታል። "ስመ ጥር የመንደራችን ሰዎች" በሚለው ክፍል ውስጥ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ከነስማቸው ተጽፈዋል፤ "ለአርባ አንድ ዓመት ያገለገሉ፣ ከመንደሩ ጉዳይ የማያውቁት ያልነበረ" ይላል። እንፋሎቱን አላነሡትም፤ ዘመዶቻቸውን ፈርተው ይመስለኛል። ቀጥሎ አንጥረኛው፤ "ብረት ቀጥቃጭና ጥርስ ነቃይ" ይላቸዋል፣ እንዲሁ ያለ ምንም ማብራሪያ። ሞተር ብስክሌት ይነዳሉ ያልካቸው ቄስም አሉ። አንድም ሰው አልጨመርክም።

መጨረሻ ላይ ገበሬው ወተቱን ያመጣበት የነበረው የገበሬ ማኅበሩ ወተት ቤት ፎቶ አለ። በሩ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች የወተት ጋን ይዘው ቆመዋል፤ ፎቶው በፈረንጆቹ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ዓ.ም. የተነሣ ነው። ከሥሩ ስማቸው ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርዝሯል። የመጨረሻው ቀጭን ወጣት ነው፣ የለበሰው ካፖርት በጣም ይሰፋዋል፣ አገጩን ልክ እንደ ወንድሜ እስክንድር ወደ ላይ አድርጓል። በስሙ ቦታ "ስሙ ያልታወቀ የውጭ አገር ተማሪ" ይላል።

ከሠርግህ ፎቶ በፊት ምን እንደምትመስል አላውቅም ነበር። ሃያ አምስት ዓመትህ ነው። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አሥር ደቂቃ አርፍጄ ስመለስ ሚስስ ማኬና ፊቴን አይተው "አገኘሽው?" ብቻ አሉኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። 

የዚያኑ ዕለት ለመንደሩ የታሪክ ኮሚቴ ኢሜይል ጻፍኩ። በማግሥቱ መልስ መጣ። የጻፉልኝ ኖሪን ይባላሉ፣ የአንጥረኛው ልጅ ናቸው። ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። አስታወስካቸው? እሳቸው ያስታውሱሃል። ስምህን በሙሉ መያዝ ስላቃታቸው መንደሩ "ቤፊ" ይልህ እንደነበረ ነገሩኝ። በፎቶው ላይ ስም ሲሰበሰብ "ቤፊ" ብሎ ማስፈር ነውር መስሏቸው፣ ትክክለኛውን የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ብለው ተዉት።

ቀጥለው እንዲህ አሉ፦ "አባቴ የመንጋጋ ጥርሱን ሲነቅልለት እንዳይጮህ በራሱ ቋንቋ ዘፈነ። እንባው ግን ይወርድ ነበር።"

አባዬ! ግዙፉ ሰውዬ አንተ ነህ እንዴ? ስለዚያ የጥርስህ ክፍተት በልጅነቴ ስንት ጊዜ ጠይቄህ፣ ባቄላ ውስጥ ድንጋይ ቆርጥሜ ነው አላልከኝም? ይህን ሳነብ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ሳቅኩ። በመጨረሻ አንድ ውሸት ያዝኩብህ።

ኢሜይሉ ግን እዚያ አላበቃም። የቀረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

"እናቴ በዚያ ክረምት ሞተች። የመንደሩ ሰው ሁሉ መጣ፤ ከቀብሩ በኋላ ደግሞ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ቤፊ ግን በየማታው ከወተት ቤቱ ሲወጣ እየመጣ ከአባቴ ጋር ይቀመጥ ነበር። እንግሊዝኛው ገና ስለነበር ብዙም አያወሩም። አባቴ ፒፓውን ያጨሳል፣ እሱ እሳቱን ያያል። አንድ ቀን አላጎደለም። ከዚያ አንድ ማታ ራሱ የጋገረው፣ ጎኑ ያረረ ትልቅ ዳቦ ይዞ መጣና ቆርሶ ለሁላችንም ሰጠን። ለምን እንደሆነ አልገባንም። ከዓመታት በኋላ አባቴ ቀኖቹን ቆጠራቸው። አርባ ነበሩ።"

ስለዚህ አንድ ቀን ተንፍሰህ አታውቅም። የሚያስቀውን ሁሉ ስትነግረን ይህንን ለራስህ አስቀረኸው።

ባለፈው እሑድ ንጉሡንና ልዕልትን ምሳ ጠራኋቸው። ያሳፈርኩህ እነሱ ፊት ስለሆነ እውነቱንም እነሱ ፊት መናገር ነበረብኝ። "ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ዮዲ ገጹን ቴሌቪዥኑ ላይ አወጣችውና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ እያንዳንዱን አነበበችልን። ንጉሡ ፎቶውን ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ምን አለኝ መሰለህ?

"ያኔት፣ እኔ እኮ ያን ቀን ስስቅ የነበረው ጋሽ በፈቃዱን አምኛቸው ነው። ያላመንሻቸው አንቺ ብቻ ነሽ።"

 እውነት ነው። ያኔ ነው ልዕልት "ጻፊለት፣ እኔው በእጄ እሰጠዋለሁ" ያለችኝ።

አሁን አንድ ጉዳይ አለ። አሮጌው ወተት ቤት ታድሶ በሰኔ የመንደሩ ትንሽ ሙዚየም ሆኖ ይከፈታል። ያ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ ስሞቹም ከሥሩ በናስ ይቀረጻሉ። ኖሪን ሙሉ ስምህን እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ጽፌው ነበር። ልልከው ስል ተውኩት። አንድ ጊዜ ባንተ አፍ ገብቼ "የለም" ብያለሁ፤ አሁን ደግሞ በራሴ ሥልጣን "አለ" ልል አልፈለግኩም። ስሙ ያንተ ነው። ያቃጠልካቸው ወረቀቶች ያንተ ነበሩ፤ ለምን እንዳቃጠልካቸውም የምታውቀው አንተ ነህ። ምናልባት ስምህ በማንም አገር ግድግዳ ላይ እንዲወጣ አትፈልግ ይሆናል።

ለኖሪን "እሱ ራሱ ይወስን" ብዬ ጻፍኩላቸው፤ እስከ ግንቦት መጨረሻ እንጠብቃለን አሉኝ። ልዕልት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው እዚያ የምትቆየው። ከፈለግክ በራስህ እጅ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፈህ ስጣት፤ እንደጻፍከው ይቀርጹታል። ካልፈለግክ ባዶ እጇን ትምጣ፤ ፎቶው እንዳለ ይሰቀላል፣ እኔም አልጨቀጭቅህም።

ተመለስልኝ ብዬም አላስጨንቅህም። ክፍልህ እንደተውከው ነው፣ ይህን ብቻ እወቀው።

አንድ ነገር ቀረ። የኖሪን ታላቅ ወንድም ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ስለ አንተ ሲነገራቸው ከሁሉ አስቀድመው ያሉት "ብስክሌቴስ?" ነው አሉ። አገርህ የተመለስክ ዕለት ጠዋት አውቶቡስ እንዳያመልጥህ ብስክሌታቸውን ተውሰህ፣ "ከታማኝ ሰው ጋ አስቀምጥልሃለሁ" ብለህ ወጣህ። እስከ ዛሬ ይፈልጉታል፤ መንደሩን ሁሉ ጠይቀዋል፣ ማንም አላየሁም አለ። እኔም እንደማላውቅ ነገርኳቸው፤ ይህንን ታሪክ ከአንተ ሰምቼው አላውቅም።

ብስክሌቱን የት ነው ያስቀመጥከው አባዬ? የተነሣህበትን ጠዋት፣ መንገዱን፣ ያገኘኸውን ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። ቢረዝምም ይርዘም።

ልጅህ ያኔት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚያዝያ