ስም ስላልተጻፈበት ፖስታ

ለሆስፒታላችን የተቀናጀ የምስል ምርመራ ክፍል ክቡር ኃላፊ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ሙቀት የማይደፍረው ጤና፣ መብራት የማይጠፋበት ቢሮ አላህ ይስጥዎ እያልኩ፣ ገበያው ዳር ጨርቅ የምሸጠው ፈረጅ ሷሊህ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና ናችሁ ያሉን እርስዎ ስለሆኑ ነው እንጂ እኔስ እጠረጥራለሁ።

ባለቤቴ ከይሪያ በጡት ካንሰር ታማ ዓምና አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ዘንድሮ ክፍልዎ የማሞግራፊ፣ የአልትራሳውንድና የኤምአርአይ ምስሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በሽታው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይናገራል ሲባል ሰምተን ደስ ብሎን መጣን። ምስሎቹ ታዩ፤ የበሽታው አካሄድ መልካም ነው፣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር አያስፈልግም ተባልን። ከይሪያ እልል ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። እኔ ግን ጣቃውን ሳልዘረጋ ጨርቅ የማልገዛ ሰው ነኝና ምስሎቹን ይዘን የተመለስንበትን ፖስታ ከፍቼ አየሁት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ፖስታው ላይ ስም የለም። ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ የጡት ነገር ስለሆነ የሴት ስም በአደባባይ መጠራቱ ነውር ነው ተብሎ በክፍልዎ የሚጻፈው ሰፈሯ ብቻ ነው፤ የእኛም «ገበያ ሰፈር» ይላል። ስለ ጨዋነታችሁ አላህ ይስጥልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት አባቶቻችን፣ በሽተኛዋን ራሷን የሚደብቅ ሆስፒታል ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም መሰለኝ።

፪. ምስሉ ላይ ሁለት ሙሉ ጡት ይታያል። የከይሪያ ግራ ጡት ግን ዓምና ተቆርጦ ወጥቷል። ያን ሁሉ መሣሪያና ያን ሁሉ ሐኪም አቀናጅታችሁ ይህን ሳታዩ ቀራችሁ ማለት ድፍረት ይሆንብኛልና፣ መሣሪያው የወደፊቱን ስለሚያይ ምናልባት መልሶ የሚበቅል ታይቶት ይሆናል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር።

፫. ይህንኑ ላስረዳ ስመጣ፣ ክፍሉ አይሳሳትም ተብዬ ፖስታውን በአስቸኳይ እንድመልስ ተጠየቅሁ። ለማይሳሳት ክፍል ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ይቅርታ፣ ገብቶኛል። ፖስታው በደህና ቦታ አለ፤ የት እንደሆነ ከይሪያም አታውቅም።

፬. ከይሪያ እየከሳች ነው፤ ጎኗንም ያማታል። ሪፈር ብንለምን ለደህና ሴት ሪፈር አይጻፍም ተባልን። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ ሰው በሌላ ሰው ጤና ምን ያህል ሊቆይ ይችላል?

ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ ታማችሁ ወደ ክፍልዎ እንዳትመጡ ዘወትር ዱዓ የማደርግ፣

አክባሪዎ
ፈረጅ ሷሊህ

ማስታወሻ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ሌላዋን «ገበያ ሰፈር» አገኘናት። ዓሣ የምትሸጠው ኛቦት ናት፤ በሽታው ተሰራጭቷል ብላችኋት ልጆቿን ለእህቷ አደራ ስትሰጥ ደረስን። የያዘችው ምስል ላይ አንድ ጡት ብቻ ስላለ ሌላው የት ሄደ ብላ እናንተን ጠይቃ ነበር አሉ፤ ጤነኛውን መሣሪያው አያነሳውም ብላችሁ መልሳችሁላታል። ከይሪያ ምስሉን አይታ የራሷ መሆኑን አወቀች። ከዚያ ኛቦትን አቅፋ እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት። እኔ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለኛቦት የነገራችሁት ክፉ ወሬ የእኛ ነው፤ ክፉም ቢሆን የራሳችንን ስጡን፣ ከሪፈሩ ጋር። የባለቤቴ ስም ከይሪያ አብዱልከሪም ነው፤ ቢጻፍ ነውር የለውም።