አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የሚሞተው ማሞቂያ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

የአውቶቡሳችን የናፍጣ ማሞቂያ ትናንት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዚህ ሳምንት ብቻ ለአምስተኛ ጊዜ፣ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን የምገልጽልሽ በጥልቅ ሐዘን ነው። ለቅሶ እንዳትደርሺ፤ ጠዋት ተነስቷል።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ እትዬ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? የባለቤትሽስ ማንኮራፋት ጎረቤት መቀስቀሱን ተወ? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን። አባባም ደህና ነው። ሳሉ ቀንሶለታል፣ ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ሁላችንንም አሳምሮ ያውቃል።

እስከ እሑድ ያ ቆርቆሮ ካልሞቀ መጥቼ አባባን እወስደዋለሁ ብለሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። ሃያ ስምንት ዓመት የነዳውን አውቶቡስ፣ ከአገልግሎት ሲወጣ ገዝቶ፣ ወንበሩን ነቅሎ አልጋ የዘረጋበትን ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጠሽ ምን ልታስነጂው ነው? ስለዚህ ማሞቂያውን ለማዳን ቆርጬ ተነሳሁ።

መካኒክ አመጣሁ። ሰፈሩ «ምናልባት» ይለዋል፤ አፉን ሲከፍት ምክንያቱ ይገባሻል። ምናልባት ናፍጣው ውሃ ገብቶበታል አለ፤ ደፋን፣ ቀየርን። ምናልባት ማጣሪያው ነው፤ አጠብን። ምናልባት ማቀጣጠያው ተቃጥሏል፤ አዲስ ገባ። ምናልባት ቱቦው አየር ይስባል፤ እሱንም አሰርን። ማሞቂያው በየጠዋቱ ነጭ ጭስ እየተፋ፣ እየተነጫነጨ ይነሳና ቀኑን ሙሉ ያሞቃል። አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን፣ ድርግም። መብራታችን ከጎረቤት ግቢ በገመድ የሚመጣ ስለሆነ አይጠፋም። ማሞቂያው ብቻ፣ ሰዓት አክባሪ የቢሮ ሠራተኛ ይመስል፣ ከሥራ ይወጣል። መካኒኩ በማግስቱ ሲመጣ ባትሪውም ሙሉ፣ ሽቦውም ጤነኛ። በመጨረሻ ምናልባት የምታጠፊው አንቺ ነሽ አለኝ። እኔም ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

ትናንት ወንበር ስቤ፣ እንደ አስታማሚ፣ ከማሞቂያው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ሲደርስ አባባ ከአልጋው ተነሳ። የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ። ከፊት እስከ ኋላ ሄዶ፣ ተሳፋሪ የረሳው ዕቃ እንዳለ በየአልጋው ሥር አጎንብሶ አየ። ወደ መሪው ተመልሶ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከዚያ እጁን ከሾፌሩ ወንበር ሥር ሰደደና የባትሪውን ዋና ማጥፊያ ዘጋው። ማሞቂያው ትንፍሽ ሳይል ሞተ።

የዴፖው ደንብ ነዋ! ሾፌር ሥራ ሲጨርስ ባትሪ ሳይዘጋ አይወርድም። ጠዋትም ተረኛው ራሱ ስለሆነ፣ እኔ ሳልነቃ ይከፍተዋል። ያ ሁሉ ነጭ ጭስ እሳቱ በመሐል እየታነቀ ሳይቃጠል የቀረ ናፍጣ ነበር።

ቀና ሲል አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ትሕትና ነው ያለው።

«እመቤቴ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ነው» አለኝ። «ሁሉም ወርዷል፤ እርስዎ ብቻ ቀሩ።»

ምን ልበል እትዬ? አመስግኜ ወረድኩ። በብርዱ አውቶቡሱን አንድ ዙር ዞርኩና በኋላው በር ገባሁ። አባባ ራት ሊበላ እየጠበቀኝ ነበር፤ እስካሁን የት ነበርሽ ብሎ ተቆጣኝ። የት እንደነበርኩ እኔም አላወቅሁም።

ዛሬ መካኒኩ የማሞቂያውን ሽቦ ማጥፊያውን አሳልፎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘው። ለምን እንደሆነ ስነግረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምናልባት ሳይል ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ማምሻውን አባባ እንደ ደንቡ ባትሪውን ዘጋ፤ እኔም እንደ ደንቡ ወረድኩ። ተመልሼ ስገባ ቤቱ ሞቆ ጠበቀኝ።

ስለዚህ ቆርቆሮው ሞቋል፤ ሰበብ የለሽም። ግን እሑድ ነይ። ልትወስጂውም ከሆነ፣ ልትሳፈሪም ከሆነ ነይ። ብቸኛ ተሳፋሪ መሆን ከብዶኛል።

ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ብርድ አይድፈርሽ፣ ደጃፍሽ ሰው አይጣ።

ታናሽ እህትሽ

ማረሚያ፦ ከላይ በሁለተኛው አንቀጽ «ሁላችንንም አሳምሮ ያውቃል» ተብሎ የሰፈረው በስሕተት ነው። «አውቶቡሱን አሳምሮ ያውቃል» ተብሎ ይነበብ።