ከሞተች በኋላ ያለው አይቆጠርም

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት መጋረጃ መደብሬ የገቡ ደንበኞች ዘጠኝ፤ ጨርቅ ያስለኩ አራት፤ እህቴ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ስትል አይተው በመጡበት እግራቸው የተመለሱ ሁለት።

ለተከበሩ የተዋንያን ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ የእህቴን ማመልከቻ ሰባት ወር ሙሉ በክብር አቅፎ የያዘው መሳቢያዎም ደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ ትዕግሥትን በነጻ ለሚያስተምረን መሥሪያ ቤትዎ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን።

ታናሽ እህቴ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በአሥራ አንድ አስፈሪ ፊልሞች ተውናለች። ፊልሞቹ በትንሽ ገንዘብ የሚሠሩ ናቸው፤ እሷም ገና ሲጀመር ትገደልና የቀረውን በሬሳነት ወይም በመንፈስነት ትጨርሰዋለች። አሁን ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስከ መጨረሻው በሕይወት የምትቆይ መምህርት እንድትሆን ተመርጣለች። ቀረጻው ሐሙስ ይጀመራል፤ አዘጋጁ የተዋናይነት መታወቂያዋን እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ካላየ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሮናል። እኔም አንዱን መጋረጃ ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለቴም ስለሳትኩ፣ መቀሱን አስቀምጬ ይህን መጻፍ ይሻላል ብያለሁ።

1. ለመታወቂያው ስድሳ ደቂቃ ትወና እንደሚያስፈልግ፣ ገጸ ባሕርይዋ ከሞተች በኋላ ያለው ግን እንደማይቆጠር ገምጋሚዎ ትናንት በደረሰን ደብዳቤ አስረድተውናል። በዚህ ስሌት የእህቴ የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራ አሥራ አራት ደቂቃ ሆኗል። የሞተ ተጎዳ ሲባል እሰማ ነበር፤ ማኅተም ተመቶበት ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

2. ዝም ብሎ መተኛት ትወና አይደለም መባሉንም በአክብሮት ተቀብለናል። በሰባተኛው ፊልሟ ደሙ ከስኳርና ከቀይ ሥር የተሠራ ስለነበር ጉንዳን ወረራት፤ አንዱ በዐይኗ ቆብ ላይ ሲሄድ፣ ካሜራው የኪራይ ነውና፣ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀችው። ለገምጋሚዎም ወንበራቸው ላይ እንዲህ ያለ ዕረፍት እመኝላቸዋለሁ።

3. እናታችን የመጀመሪያውን ፊልም ካየች ወዲህ፣ ልጄ ስትቀበር ደግሜ አላይም ብላ አንዱንም አላየችም። ይህኛውን ግን፣ በፊልሙ መጨረሻ ልጇ በራሷ እግር ቤቷ ስትገባ ለማየት፣ አዲስ መነጽር አሠርታ ትጠብቃለች። በቅጽዎ ላይ ለዚህ የሚሆን ክፍት ቦታ ስላጣሁ እዚህ ጻፍኩት።

አራተኛም ነበረኝ፤ ደንበኛ ስለመጣ ትቼዋለሁ።

የኮሪደርዎን አግዳሚ ወንበር ከራሴ አልጋ ይልቅ የማውቀው፣ ለክቡር ጊዜዎ ከእርስዎ በላይ የምሳሳ፣

የአሥራ አንድ ጊዜ ሟች ታላቅ እህት፣ መጋረጃ ነጋዴዋ

የተረሳ ነገር፦ ባለፈው ሳምንት ኮሪደሩ ላይ ተራ ስጠብቅ፣ ዘጠነኛውን ፊልም ይመለከቱ የነበሩት ገምጋሚዎ በጠራራ ፀሐይ ከክፍላቸው ወጥተው የጽዳት ሠራተኛዋን፣ እባክሽ እናቴ፣ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ሸኚኝ፣ ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ቴሌቪዥኑንም አየሁት። እህቴ ከሞተች አርባኛ ደቂቃዋን ይዛ ነበር።

ነገ፦ ሱቁን ሳልከፍት፣ በሁለት ሰዓት ተኩል እህቴን ይዤ ምዝገባ ቢሮው መሄድ። አራት ጉርድ ፎቶ መያዝ።