ወልደጻድቅ የሚባለው ተመራማሪ

ለውድ አባባ ወልደጻድቅ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ልብዎስ፣ ጉልበትዎስ? የሐዋሳ አየር ተስማማዎት ወይስ አሁንም የድሬ ሙቀት ይሻለኛል እያሉ ወንድሜን ዳጊን ያስቸግሩታል? የእማዬ ጥሩወርቅ ትከሻስ ተሻላት? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ፤ እርስዎም እንደዚያው፣ አውቅዎታለሁ። እኔ፣ የፈጣሪ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነኝ። ትናንት ዘንቦ ሳቢያን ውስጥ ባጃጅ ጠፍቶ በእግሬ ነው ቤቴ የገባሁት።

ይህን በስልክ ብጀምረው አልቅሼ እንደምዘጋው ስለማውቅ ነው የጻፍኩት። አይደንግጡ፣ ክፉ ወሬ አይደለም።

ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቴን ነግሬዎት ነበር። ኮሚቴው በዋናነት ሁለት ነገር ይቆጥራል፤ ስንት የምርምር ጽሑፍ እንዳሳተምኩና ሌሎች ተመራማሪዎች በየጽሑፋቸው ስንት ጊዜ እንደጠቀሱኝ። እኔም አሥራ አንድ ጽሑፍ አለኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ግን ያወጣልኝ ሰባት ብቻ! የተጠቀስኩትም አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። አቤት ያፈርኩት ማፈር!

ነገሩን የደረሰችበት የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ ዊዳድ ናት፤ የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ ምላሷ እንደኔው የማያርፍ። አቦ ዲና፣ ወላሂ አንቺ ሁለት ሰው ነሽ አለችኝ። የውጭ ጆርናሎች ሰውን የሚጠሩት በመጨረሻ ስሙ ነው፤ ለእነሱ የቤተሰብ ስም፣ ለእኛ ግን የአባት ስም። እኔ ደግሞ አባቴ በሕፃንነቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እርስዎ ወንድሙ፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገቡኝም በስምዎ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አራት ጽሑፎቼ ወልደጻድቅ ተብለው ወጡ። ፓስፖርት ካወጣሁ በኋላ ያሉት ሰባቱ ደግሞ በወለደኝ አባቴ፣ ኒቆዲሞስ ተብለው። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ!

አሁን ይሳቁ። ወልደጻድቅ የሚባለው ተመራማሪ እኔን በብዙ ይበልጠኛል! ያኔ ጀሪካን ይዤ በአይሱዙ ገጠር ዋሂል ድረስ ስመላለስ፣ ውሃ ለመቅዳት ነው ዲግሪ የያዝሽው ብለው የቀለዱብኝን ያስታውሳሉ? ያንን የጉድጓድ ውሃ ጥናት የጥርስ ሐኪሞች ጠቅሰውታል፣ የኩላሊት ሐኪሞች ጠቅሰውታል፣ የግመል ወተት የሚያጠኑ ሳይቀሩ ጠቅሰውታል። መቶ አርባ ሁለት ጊዜ! አንድ ገምጋሚማ ስለ ኋለኛው ጽሑፌ ሲጽፍ፣ ጸሐፊው የወልደጻድቅን ሥራ ጠንቅቆ አንብቧል ብሎ አመስግኖኛል። ዊዳድ ደግሞ ይሄ ሰውዬ ከ2010 ወዲህ ምንም አልጻፈም፣ ሞቶ ይሆን እንዴ አለችኝ። ኧረ አሉ፣ ሐዋሳ ዓሣ እየበሉ ነው አልኳት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ቡልቻ የሒሳብ ሰው ናቸው። ሐኪም በሺህ ሲጠቀስ እኛ አሥር ጊዜ ከተጠቀስን ድግስ እንደግሳለን፣ እኔ በቁጥር ብቻ አልፈርድም አሉ። ሥራውን ወደውታል። ነገር ግን የጽሑፎቹ መዝገብ በአንድ ስም ይጠቃለል፣ ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ የቤተሰብ ሰው ይመስክር፤ እስከ ሰኔ አምስት ካልደረሰ ለሌላ ዓመት ይተላለፋል አሉኝ። ዊዳድ መዝገቡን ከፍታ የትኛውን ስም ልጻፍ አለችኝ።

አባባ፣ ስለዚያ የፓስፖርት ጊዜ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። የወንድሜ ስም አይጥፋ ብለው ቀበሌ የወሰዱኝ እርስዎ ነዎት። የወንድሜ ልጅ ናት እንጂ ልጄ አይደለችም ብለው ፈረሙ። ከዚያ ቤት ገብተው ምሳዎን ሳይነኩ ተኙ። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ይህ ዝምታዬ ሲቆጨኝ ኖሯል።

አባቴን አልካድኩትም፤ ሰባቱ ጽሑፎች ላይ ስሙ ታትሟል፣ ማንም አይፍቀውም። መዝገቡ ራስ ላይ ግን ወልደጻድቅ ብዬ ጽፌያለሁ። ሳላስፈቅድዎ ነው፣ ቢቆጡም ይገባኛል። አሁን የቀረው ምስክሩ ነው። ዳጊ ይዞዎት እዚያው ሐዋሳ ቀበሌ ይሂድ። በዚህኛው ወረቀት ግን አሳድጌያታለሁ፣ ልጄ ናት ብለው ይፈርሙልኝ።

እማዬን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ዳጊን መኪናውን ቀስ አድርገህ ንዳ ይበሉልኝ፤ ባለቤቱን እጅ እነሳለሁ፤ ትንሿን ልጁንም አክስትሽን ናፍቀሻታል ይበሏት።

ልጅዎ
ዲና ወልደጻድቅ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.