እናትህን ማስቆም አልተቻለም

ውድ የድሮ ባሌ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅበት ነው፤ ብዙ እንዳትኮራበት። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነን፤ ይህን የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

ለታላቅ ወንድምህ ደውለህ «እባክህ እማዬን አስቁምልኝ፤ በዚህ ዕድሜዋ በባቡር አገር ለአገር መንከራተት የለባትም፤ በሚቀጥለው ዓመት እኔ ራሴ እመጣለሁ» ማለትህን ሰምቻለሁ። ወንድምህም ቃልህን አክብሮ እሁድ ከሰዓት ቤተሰቡን ሰበሰበ። የሆነውን ከእሱ ከምትሰማ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። እሱ የተሸነፈበትን ወሬ ያሳጥራል።

ሐሳቡ የእኔ አልነበረም፤ ይህን አስቀድመህ እወቅልኝ። እናትህ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ልብስ ስፌት ቤቴ እየመጡ ቁልፍ ይተክሉልኛል። አንድ ቀን መርፌ ላይ ክር እያስገቡ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ «ልጄ ያለበት አገር ባቡሩ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል አሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እውነት ነው እማማ። በተራራው ውስጥ ለውስጥ፣ በሐይቁም ዳር ያልፋል።»

«እንግዲያው እንሂድ» አሉ። ፋርማሲ ድረስ ደርሰን እንመለስ እንደሚሉት አድርገው ነው ያሉት። እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ልጅዎን ሊያዩ ነው?»

«እሱንማ በስልክ አየዋለሁ። ያላየሁት አገሩን ነው።»

መርፌዬን አስቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ስትሄድ «ደርሼ ልደላደል እንጂ አስመጣሻለሁ፤ አገሩን በባቡር እናዳርሰዋለን» ብለኸኝ ነበር። አመንኩህ። የመንገድ ልብሴን ሰፍቼ ሻንጣ ውስጥ አጣጥፌ አስቀመጥኩ። ከዚያ አንተ ሳትሆን የፍቺው ወረቀት መጣ። ስፌት ማሽኑ ላይ ተደፍቼ ያለቀስኩትን፣ የረገምኩህንም እርግማን አሁን ብነግርህ ምን ይጠቅማል? አልፏል። ግን አንድ ነገር አድርጌ ነበር፦ አንተንና አገሩን አንድ ላይ ጠቅልዬ ቀብሬያችሁ ነበር። አንተ ብትቀር አገሩ እዚያው በቦታው እንዳለ፣ ባቡሩም ያለ አንተ እንደሚሄድ ለአፍታ እንኳን አስቤ አላውቅም። ለይተው ያሳዩኝ እናትህ ናቸው።

በማግስቱ ካርታ ገዝቼ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ሌላ ሰው በእስክሪብቶ ያሰምርበታል፤ እኔ ግን እጄ የለመደው መርፌ ነው። መንገዱን በቀይ ክር ጠለፍኩት፤ ከወደቡ እስከ ሰሜኑ ጫፍ፣ ከዚያ በሌላ በኩል ዞሮ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው። እናትህ ትከሻዬ ላይ ተደግፈው «እዚህ ጋ ተራራ አለ፣ አታልፊው» እያሉ ያዝዙኛል። ስንጨርስ ደስ ብሎን ካርታውን ብናነሳው የአንድ ደንበኛዬ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ የኮት ገበር አብሮ ተነሳ። ሰውየውን ከነገበሩ ከወደብ እስከ ሰሜን ሰፍቼዋለሁ። እናትህ እስኪያልባቸው ሳቁ። ፈትቼ እንደገና ስሰፋው ዋልኩ፤ ሥራ አስኪያጁ ኮቱ ምን ያህል አገር እንደዞረ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ቲኬቱን የምታዘጋጅልን የጉዞ ወኪል ደግሞ ጎበዝ ልጅ ነች፤ ግን ከአንዱ ባቡር ወርደን ሌላው ላይ ሮጠን እንድንሳፈር አድርጋ ነበር ፕሮግራሙን ያወጣችው። አልቀበልም አልኳት። ልብስ ሲቆረጥ በየስፌቱ ትርፍ ይተዋል፤ ትርፍ የሌለው ልብስ ባለቤቱ ገና ቁጭ ሲል ይተረተራል። በየመገናኛው ጣቢያ ትርፍ ጊዜ እንድትተው አደረግኳት። የሚታደርበት ቦታ ይታደራል፣ የሚዋልበትም ይዋላል።

«እትዬ፣ ጊዜ ይባክናል እኮ» አለችኝ።

«ይባክን፤ የራሳችን ነው» አልኳት።

እናትህም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። የሌሊት ባቡር አይሆንም። «ተኝቼ ለማልፈው አገር ምን አስኬደኝ?» አሉ። መስኮቱም የእሳቸው ነው። በዚህ አልተከራከርኩም።

እንግዲህ እሁድ ሆነ። ወንድምህ ሶፋው መሃል ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ በደጉ ጊዜ «ሊቀመንበሩ» ስንለው እንደነበረው ነው፣ አልተለወጠም። እህትህ ከክሊኒኳ የደም ግፊት መለኪያ ይዛ መጥታለች። እናትህን ለካቻቸው፤ ደህና ሆኑ። «መሣሪያው ልክ አይደለም» አለ ወንድምህ። እህትህ መሣሪያውን ልትፈትን የእሱን ክንድ ያዘች። ለክታው ቁጥሩን ደግማ አየች። ከዚያ «አንተ ነህ መንገድ መሄድ የሌለብህ» አለችው።

«እሺ፣ ጉልበትሽስ እማዬ?»

«እሱንም ይዤው እሄዳለሁ። ደግሞ የሚሄደው ባቡሩ ነው፤ እኔ ቁጭ ነው የምለው።»

ወደ እኔ ዞረ። «ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሯሯጡ ብትወድቅስ? ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

ይህችን ነበር የምጠብቃት። ካርታዬን ዘርግቼ በጣቴ ቀዩን ክር ይዤ ጣቢያ በጣቢያ አሳየሁት። «ጋሼ፣ የሚሮጥ የለም። እዚህ እናድራለን። እዚህ ምሳ በልተን፣ እማማ ጋደም ብለው፣ ከዚያ ነው የምንሳፈረው። አንዱ ባቡር ቢያመልጠን እንኳን ቀጣዩ ይደርሳል።» መነጽሩን አድርጎ ስህተት ፈለገ። መነጽሩን አወለቀ። እንደገና አደረገ። ምንም አላገኘም።

የቀረው አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም አወጣው። «ሰውስ ምን ይላል? ልጅሽ ከፈታት ሴት ጋር ስትዞሪ?»

እናትህ ተነሡ። ስብሰባ ላይ ቆመው ሲናገሩ አይቼ አላውቅም። ድምፃቸውም ከፍ አላለም።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ ኖርኩ። አገር ለአገር የሚዞር ሁሉ እኔ የተኮስኩት ላይ ተኝቶ አለፈ። ከእናንተ መሃል አንድ ቀን 'አንቺስ የት መሄድ ትወጃለሽ?' ያለኝ ማን ነው? እሷ ናት ካርታ የገዛችልኝ። አሁን እኔም ሰው የተኮሰው ላይ እተኛለሁ። ደግሞ ፈቃድ እየጠየቅኳችሁ አይደለም ልጆቼ፤ እየተሰናበትኳችሁ ነው።»

እህትህ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። እኔ ካርታውን ለማጠፍ ጎንበስ አልኩ፤ ዓይኔን እንዳያዩት ነው። ወንድምህ መነጽሩን ኪሱ ከትቶ «ጎማ ያለው ሻንጣ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ እጅ ሲሰጥ እንዲህ ነው። ሲመሽ የራሱን ሻንጣ ከነቁልፉ አመጣ።

ቪዛችን ወጥቷል። ቲኬቱ ተቆርጧል። የመንገድ ልብሴን ከሻንጣ አውጥቼ ለካሁት፤ ጎኑን ትንሽ ሰፋ ማድረግ ነበረብኝ፣ አደረግኩት፣ አማረብኝ። ደስታዬን ልደብቅህ አልችልም፤ ማሽኔ ላይ ሆኜ ስዘፍን ደንበኞቼ ምን ነካት ይላሉ።

አሁን ስላንተ። መስመሩ በከተማህ ያልፋል። «እሱ ጋ እናድር ይሆን?» ብዬ እናትህን ጠይቄአቸው ነበር። «ሳይጠሩኝ አቤት አልልም» አሉ። ወሬውን በዚያው ዘጉት። ነገር ግን ባቡሩ ከተማህ ሲገባ ሰው የሚቆምበት መድረክ በየትኛው በኩል እንደሆነ ደጋግመው ጠይቀውኛል። ወኪሏን አስጠይቄ መቀመጫቸውን በዚያ በኩል አስያዝኩላቸው። ለምን እንዳዛወርኩት አልጠየቁኝም።

በሚመጣው ወር የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ ነው። ሦስተኛው ፉርጎ። ሰማያዊ ሹራብ ይለብሳሉ። እጅህን ከፍ አድርገህ ቁም፤ የሩቅ ሰው ቶሎ አይለዩም። ባቡሩ ከተማህ ላይ የሚቆመው ለትንሽ ጊዜ ነው፤ እናት አቅፎ ለመሳም ግን ይበቃል። ከመጣህ እሰየው። ካልመጣህ እኔ አላዝንም። እሳቸው ያዝናሉ። ከዚያ ባቡሩ ይነሣል፣ ሐይቁም ይመጣል።

የእናትህ ምራት ነኝ፤
ይህኛውን ፍርድ ቤቱ አላፈረሰውም።